ከሌላ ቤተ እምነት በገዛነው ሕንፃ ውስጥ ያለውን ፑልፒት ምን እናድርገው?

ወለተ ሥላሴ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጽፈው ከቨርጂኒያ ነው። የአጥቢያችን የሕንፃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ለዓመታት በኪራይ አዳራሽ ስንቀድስ ቆይተን በእግዚአብሔር ፈቃድ የራሳችንን ሕንፃ ገዝተናል። ቀድሞ የፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ደህና ናቸው፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያም አለው። ቁልፉን የተረከብን ቀን እናቶቻችን ደጃፉን ስመው በእልልታ ነው የገቡት።

አሁን ያከራከረን ፑልፒቱ ነው። ከፊት ለፊት ከፍ ያለ ወለል አለ። እዚያ ላይ፣ ሕዝቡ ከተቀመጠበት ሲታይ በስተግራ፣ ከወፍራም የኦክ እንጨት የተሠራ ትልቅ መስበኪያ ቆሟል። በደረጃ ነው የሚወጣበት። ሰው ሲቆምበት እስከ ደረቱ ይሸፍነዋል። ከላዩ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ የእንጨት ክዳን አለው። በስተቀኝ ደግሞ ዝቅ ያለ ሌላ ማንበቢያ አለ።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ "ይነሣ፣ የእኛ ሥርዓት አይደለም፤ እኛ ያለን ዐውደ ምሕረት፣ በግቢ ያለው የስብከት መድረክ ነው" ይላል። ሌላው "እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ እናሠራ ብንል አንችለውም፤ መስቀል ይቀረጽበትና ይሰበክበት" ይላል። አስተዳዳሪያችን አባ ሁለቱንም ወገን ሰምተው "ጠይቁ፣ አንብቡ፣ ከዚያ እንነጋገር" ብለውናል። ለዚህ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

የራሴን ሐሳብ አልደብቅም። እኔ እንዲቀር እፈልጋለሁ። የእንጨቱ ማማር አይደለም የያዘኝ። በኪራዩ አዳራሽ ስብከት ምን እንደሆነብን አይቻለሁ። ሰዓት ጠብቀን ቤቱን ማስረከብ ነበረብን። ቅዳሴው እንዳለቀ ግማሹ ሰው ልጅ ፍለጋ ይነሣል፣ ግማሹ ወንበር ያጥፋል። ሰባኪው የሙዚቃ ኖታ ማስቀመጫ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን አስደግፎ በዚያ ሁካታ መሐል ይጀምራል። ሩብ ሰዓት ካገኘ እሰየው ነው። ከዚያ በዚያው ማይክ ማስታወቂያ፣ በዚያው ማይክ "ለሕንፃው ቃል ያልገባችሁ"፣ በዚያው ማይክ "ታርጋ ቁጥሩ እንዲህ የሆነ መኪና ይነሣ" ይባላል። ሰው ቤቱ ሲገባ ጆሮው ውስጥ የሚቀረው የመጨረሻው ነው።

ሀገር ቤት እኮ እንዲህ አልነበረም። ደሴ ባደግኩበት አጥቢያ ዐውደ ምሕረቱ ከደጀ ሰላሙ ገባ ብሎ ያለ የሲሚንቶ መድረክ ነበር። ጌጥ የለውም። ግን ሰባኪው እዚያ ላይ ቆሞ "በስመ አብ" ሲል ግቢው ጸጥ ይላል። ሰው ድንጋይ ላይ፣ ሣር ላይ፣ ግንቡ ሥር ይቀመጣል። ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላ ይዘረጋል እንጂ አይነሣም። "በዐውደ ምሕረት ተነግሯል" ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነበር። እዚህ ያጣነው ይህን ነው። ቃሉ የራሱ ቦታ ይኑረው ነው የምለው።

ሥርዓቱን የምታውቁ፣ እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ገዝታችሁ ያለፋችሁበት፣ ምን አደረጋችሁ?

አናጢው (ሜሪላንድ)

እንኳን ደስ አላችሁ እኅቴ። በሙያዬ የምችለውን ልንገርሽ፤ ሥርዓቱን ለሚያውቁት እተዋለሁ።

ክዳኑን ለጌጥ የተሠራ አድርጋችሁ እንዳታዩት። ማይክ ሳይኖር የሰባኪው ድምፅ ወደ ጣሪያው ሸሽቶ እንዳይጠፋ ወደ ሕዝቡ የሚመልሰው እሱ ነው። ጣሪያችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ዛሬም ይጠቅማችኋል። ከማፍረሳችሁ በፊት አንድ ሰው ፑልፒቱ ላይ ቆሞ ያለ ማይክ ያንብብ፤ ሌላው መጨረሻው ወንበር ላይ ሆኖ ያዳምጥ። ቀጥሎ ከታች ከወለሉ ይሞከር። ልዩነቱን ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ።

ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ ጋር ተያይዞ ነው የሚሠራው። ብታነሱት ከሥሩ ያለው ወለል መጠገን ይኖርበታል። ያ ደግሞ ገንዘብ ነው። ከፍታው ካስቸገራችሁ ደረጃውን ቀንሶ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የግድ ይነሣ ከተባለም እንጨቱን አትጣሉት። የፊት ገበታዎቹ ለአትሮንስ፣ ለመጻሕፍት ሣጥን፣ ለመንበር መከለያ ይሆናሉ። በነፃ መጥቼ አየዋለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ዲያቆን ዘጎንደር

እኅታችን፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ግን ከእንጨቱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጋረጃውን የት ልትጥሉ ነው?

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕንፃ ስንገዛ ከፊት ያለውን ከፍ ያለ ወለል በሙሉ መቅደስ እናደርገዋለን። ዳሩ ላይ መጋረጃ ይሰቀላል፣ ታቦቱና መንበሩ ከውስጥ ይሆናሉ። እንደዚያ ከሆነ ፑልፒታችሁ መቅደስ ውስጥ ገባ ማለት ነው። መቅደስ ደግሞ ካህናትና ዲያቆናት ብቻ፣ ያውም ጫማ አውልቀው የሚገቡበት ነው። ክህነት የሌለው መምህር ከዚያ ሊሰብክ አይችልም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሊዘምሩበት አይችሉም። ክርክራችሁ ሳይጀመር አለቀ። ስለዚህ ወለሉን ለኩ። መጋረጃውን ወደ ኋላ ስባችሁ ለመንበሩና ለልዑካኑ (ለቀዳሾቹ) መዞሪያ የሚበቃ ቦታ ከተረፈ፣ ፑልፒቱ ከመቅደስ ውጭ ይቀራል። ካልበቃ ያለ ብዙ ንግግር ይነሣ።

"የእኛ አይደለም" ለሚሉት ወንድሞች ደግሞ በፍቅር የምመልሰው አለኝ። ከፍ ብሎ ቆሞ ቃሉን ማሰማት የፕሮቴስታንት ፈጠራ አይደለም። ነህምያ ምዕራፍ 8ን ክፈቱ። ዕዝራ ለዚሁ በተሠራ የእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ሕጉን ያነባል፣ ሌዋውያኑ ለሕዝቡ ያስረዳሉ። ንባብና ትርጓሜ አንድ ላይ፤ የአባቶቻችንም መንገድ ይኸው ነው። በ398 እ.ኤ.አ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ሕዝቡ በደንብ እንዲሰማው አምቦን ከሚባለው ከፍ ካለው ማንበቢያ ላይ ይሰብክ እንደነበር የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የግብፅዋም አምቦን አላት። ካይሮ ያለውን፣ ተንጠልጣይዋ የሚሏትን የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ሰው በቀጫጭን የእብነ በረድ ዓምዶች ላይ የቆመውን አይቶታል።

የእኛ ዐውደ ምሕረት ወደ ውጭ የወጣው ሕዝባችን የሚበዛው ግቢው ውስጥ ስለሆነ ነው። ቅኔ ማኅሌቱ ለካህናቱና ለመዘምራኑ ነው። ከውጭ ዛፍ ሥር ቆሞ የሚያስቀድሰው ከውስጡ ይበልጣል። በቨርጂኒያ ጥር ላይ ግን ማንን ነው ሜዳ ላይ የምታስቀምጡት? ዐውደ ምሕረቱ ወደ ቤት መግባቱ የግድ ነው።

እኔን ከቦታው በላይ የሚያሳስበኝ ከዚያ ላይ የሚነገረው ነው። በቅዳሴ ዲያቆኑ ጳውሎስን ያነባል፣ ንፍቁ ዲያቆን ከሐዋርያት መልእክት፣ ንፍቁ ካህን የሐዋርያት ሥራን። ከዚያ የዕለቱ ምስባክ፣ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደው ጥቅስ፣ በዜማ ይሰማል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ወንጌል ይነበባል። ይህ ሁሉ በግጻዌ፣ የየዕለቱን ንባብ በሚያሳየው መጽሐፍ፣ ለዕለቱ የተመደበ ነው። ሰባኪው ታዲያ ከዚህ ተነሥቶ መናገር አለበት። ገብር ኄር በሚባለው የዐቢይ ጾም ሰንበት ወንጌሉ ማቴዎስ 25፣ የመክሊቱ ምሳሌ ነው። ምስባኩ ደግሞ "ዜኖኩ ጽድቀከ በማኅበር ዐቢይ" ይላል፤ ጽድቅህን በታላቅ ጉባኤ ተናገርሁ ማለት ነው። ለሰባኪ ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠዋል? እኔ ግን በዚያ ሰንበት መክሊቱን ሳይነካ ስለ ሰሞኑ የማኅበራዊ ሚዲያ ጠብ ሲያወራ የዋለ ሰባኪ ሰምቻለሁ። አዝኜ ነው የወጣሁት።

በውጭ ሀገር የምንኖር ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ለሁለት ተከፍሎ የነበረው ሲኖዶስ ሐምሌ 2010 ዓ.ም እዚሁ ዋሽንግተን እርቅ እስኪያወርድ ድረስ በዐውደ ምሕረት ላይ ስንት ወንድማማች ተለያይቷል። ያ ቁስል ገና አልደረቀም። ስለዚህ ፑልፒቱ ቀረም ተነሣም ሰበካ ጉባኤው ማን እንደሚቆምበት፣ ከምን ተነሥቶ እንደሚናገር ይወስን። አባም ለሊቀ ጳጳሱ ያሳውቁ። ሳይባረክ አንድም ነገር አትጀምሩ።

የነቀምቴው ልጅ

ሰላም ወገኖቼ። እኔ ኦርቶዶክስ አይደለሁም። መካነ ኢየሱስ ውስጥ ነው ያደግሁት። ጥያቄው የእኛን ቤት ስለነካ ትንሽ ልበል፤ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

በስተቀኝ ያለው ዝቅተኛ ማንበቢያ ለምን እንደቆመ አልተጻፈም። በብዙ የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት በስተግራ ያለው ከፍተኛው ለስብከት ነው፣ በስተቀኝ ያለው ለንባብ፣ ለጸሎትና ለማስታወቂያ። ሌሎቹ፣ በተለይ የካልቪንን መንገድ የተከተሉት፣ ፑልፒቱን መሐል ላይ ነው የሚያቆሙት። የገዛችሁት ሕንፃ ከመጀመሪያዎቹ ይመስላል።

ወለተ ሥላሴ የጠየቀችው ነገር መልሱ ይህ አደረጃጀት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ባደግሁበት ማኅበረ ምእመናን ሽማግሌዎቹ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። ምስባክ ላይ (እኛ ፑልፒቱን እንዲህ ነው የምንለው) የሚወጣው ቃሉን ሊያሰማ የተመደበው ብቻ ነው። ማስታወቂያ ያለው ከታች ቆሞ ይናገራል። ገንዘብ የሚጠይቅም ከታች። የወረዳው ባለሥልጣን ሰላምታ ሊያቀርብ ቢመጣ እንኳ ከታች ነው የሚሰጠው። ልጅ ሆኜ ስብከት ሳይጀመር ሰውየው ወደ ላይ ሲወጣ ሳይ ብቻ ዝም እል ነበር። ማንም ዝም በል አላለኝም።

እኛ ዘንድ ይህ ቦታ ዋጋ ተከፍሎበታል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ዓ.ም የተያዙት አዲስ አበባ ኡራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ነው። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አልተገኙም። የእናንተም ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በዚያው ዓመት ነው በደርግ የተገደሉት። የሚሉትን ሳይፈሩ የተናገሩ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በነፃነት ቆመን የምንናገርበትን ቦታ ለመኪና ታርጋ ቁጥር ማዋል ከባድ ነው። እህታችን በዚህ አልተሳሳተችም።

እናት ነኝ (አትላንታ)

ሁላችሁም ስለሚናገረው ሰው ቁመት ነው የምታወሩት። እኔ ስለሚሰማው ልጠይቅ። ልጆቻችን የት ናቸው?

እኛ ጋ እንዲህ ነው። ወንጌሉ ከተነበበ በኋላ፣ ስብከት ሲደርስ፣ ልጆቹ ወደ ቤዝመንት ይወርዳሉ። እዚያ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። አስተማሪዎቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከሥራ ተርፎ ነው የሚያስተምሩት። ግን የኔ ትልቁ ልጅ ኮሌጅ ሊገባ ነው፤ ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ አንድም ስብከት ሰምቶ አያውቅም። ዐውደ ምሕረት ለእሱ ትልልቅ ሰዎች የሚቀሩበት ሰዓት ነው። ኮሌጅ ሲገባ ቤዝመንቱ የለም። ላይኛው ቤት ደግሞ አልለመደውም። የት ይሂድ?

"በአማርኛ ካልሆነ ሥርዓት ይፈርሳል" የሚሉ አሉ። አባቶቻችን ወንጌሉን በግዕዝ አንብበው ለእኛ በአማርኛ ደግመው ሲያነቡልን፣ ሲተረጉሙልን አልፈረሰም። ሕዝቡ እንዲገባው ነው ያደረጉት። ታዲያ ለእነዚህስ?

እኛ አጥቢያ ዘንድሮ የተጀመረ ነገር አለ። ሰባኪው በአማርኛ ካስተማረ በኋላ እዚሁ የተወለደ ወጣት ዲያቆን እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ዋናውን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ይናገራል። አጭር ነው። ልጆቹም ለዚያ ሰዓት ወደ ላይ ይወጣሉ። ከታች ቢሆን ኖሮ ልጄ ልብ አይለውም ነበር። ትልልቆቹ በሚቆሙበት ቦታ፣ በዚያው ማይክ፣ በእሱ ቋንቋ ሲነገር ቀና ብሎ አየ። ቤት ስንገባ ስለ ኒቆዲሞስ ጠየቀኝ። እኔም አልመለስኩለትም፤ አባን ጠይቅ አልኩት፣ ደወለላቸው።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ወለተ ሥላሴ በልኩ ነው ያስቀመጥሽው። ሕንፃ ያለ ገንዘብ አይገዛም፣ አውቃለሁ፤ እኔም ቃል ገብቼ እየከፈልኩ ነው። ግን "አባወራዎች እጃችሁን አውጡ" ሲባል ሥራ ያጣው ወንድማችን አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰንበት ቀረ። ቃሉን ሊሰማ መጥቶ እኮ ነው።

ወለተ ሥላሴ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የተጻፈውን በሙሉ አትሜ ለአባና ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ።

የዲያቆን ጥያቄ ነው ያነቃን። መጋረጃው የት እንደሚሆን ማናችንም አላሰብንም ነበር! ቅዳሜ ሜትር ይዘን ሄድን። ከፍ ያለው ወለል ጥልቀት አለው። መጋረጃውን ከፑልፒቱ ኋላ ብንጥለው ለመንበሩና ለልዑካኑ በቂ ቦታ ይተርፋል። አባ ራሳቸው ጽና ይዘው እንደሚያጥኑ ሆነው ዙሪያውን ዞሩና "ይበቃኛል" አሉ። "የእኛ አይደለም" ይሉ የነበሩት አንድ አባታችን የአምቦኑን ነገር ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው "አፈ ወርቅ ከቆመበት ዓይነት ከሆነማ" አሉ። ሙሉ በሙሉ ተስማምተዋል አልልም። ከፍታው አሁንም ይከብዳቸዋል፤ ሰባኪው ከቀዳሹ ካህን ከፍ ብሎ መታየት የለበትም ባይ ናቸው። ልክ ይመስለኛል። ስለዚህ ደረጃው ተቀንሶ ወለሉን እንዲጠጋ እንፈልጋለን። አናጢው ወንድማችን፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ።

የድምፁን ሙከራም አድርገናል። አንድ ወጣት ዲያቆን ከላይ ሆኖ መዝሙር 39ን አነበበ። መጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጡት እናቶች ቃል በቃል ሰሙት። ከታች ከወለሉ ሲያነብ ግን ግማሹ ጠፋባቸው። ክዳኑ ይቀራል።

የነቀምቴው ወንድማችን ያለው ስለ ሁለተኛው ማንበቢያ ብዙ አነጋገረን። እኔ ለሰበካ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ከፑልፒቱ የሚነገረው ስብከትና እሱን ተከትሎ የሚሰጠው የእንግሊዝኛው ትምህርት ብቻ ይሁን። ማስታወቂያ ከታችኛው ማንበቢያ ይነገር። ገንዘብ ደግሞ ጭራሽ ከዚህ ወጥቶ ከታች አዳራሽ፣ ቡና ላይ፣ በወረቀት ይሁን፤ ስምም እጅም አይጠራ። ገንዘብ ያዣችን "ገቢ ይቀንሳል" ብላ ትሰጋለች። ሥጋቷ ይገባኛል፤ የባንኩ ዕዳ በእሷ ፊርማ ነው የሚከፈለው። ለጥቂት ወራት እንሞክረው ብያታለሁ።

ለአትላንታዋ እናት አንድ ጥያቄ አለኝ። የእንግሊዝኛውን የሚያስተምረው ወጣት ዲያቆን አስቀድሞ ከሰባኪው ጋር ይነጋገራል ወይስ እዚያው ሰምቶ ነው የሚናገረው? እኛ ጋ ሁለት ልጆች ፈቃደኛ ሆነዋል፣ ግን ፈርተዋል።

እናት ነኝ (አትላንታ)

ዐርብ ማታ በስልክ ይነጋገራሉ። ሰባኪው የዕለቱን ምስባክና ወንጌል ከግጻዌው ይነግረዋል፣ ምን ላይ እንደሚያተኩርም ያስረዳዋል። ልጁ የራሱን ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ጽፎ ቅዳሜ ለአባ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ወረቀቱን እንኳ አያይም። ልጆቹን ስልካቸውን ላኪልኝ፣ ከእኛው ዲያቆን ጋር አገናኛቸዋለሁ።